ኮቦ ኮሌክት ለመመረቂያ ጥናት፦ ለጎንደር የሕክምና ተማሪዎች

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ መጠይቅና እስክሪብቶ ከእጅ ወደ እጅ ማቀባበል አስጊ ሆነ። በስልክ ለሚሰበሰብ መረጃ ምርጫችን ኮቦ ኮሌክት የተባለው የስልክ አፕ ነው። ጎግል ፎርም ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ኮቦ ግን ቅጹ አንዴ ከወረደ ከአዘዞ ወጣ ባሉ ቀበሌዎችም ያለ ኔትወርክ ይሞላል።

በጣም የወደድነው የቀን ጥያቄው በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲመጣ ማዘዝ መቻሉን ነው፦ ተጠያቂዋ «ጥቅምት 12» ስትል እንዳለችው ይሞላል፣ መረጃው ግን በፈረንጅ ቀን ይቀመጣል። የስምምነት ጥያቄውን (ተጠያቂው ለመሳተፍ ፈቃደኛ መሆኑን የሚጠይቀውን) መጀመሪያ ላይ አስገዳጅ አድርጉት። ዕድሜ ላይ ገደብ ካላበጃችሁ 25 የነበረው 255 ሆኖ ይገባል።

ያልተላከ ቅጽ ያለው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነው፤ አፑ ከተሰረዘ አብሮ ይጠፋል። ዋይፋይ ባገኛችሁ ቁጥር ላኩ፣ ሰርቨሩ ላይ የደረሰውንም ቆጥራችሁ አመሳክሩ።