የኮሪያ «ሙሉ ፓኬጅ» ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ስም የሌላትን ትንሿን ክሬም ፈልጉ

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞረው ማስታወቂያ ቃሉ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው፦ አሥር ዕቃ የያዘ የኮሪያ ሙሉ ፓኬጅ፣ «በ7 ቀን የብርጭቆ ቆዳ» (እንደ መስታወት የሚያበራ ጥርት ያለ ፊት ለማለት ነው)፣ ዋጋ በኢንቦክስ፣ ቅድመ ክፍያ፣ ዴሊቨሪ ነፃ። ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከአሥሩ ዘጠኙ ብዙውን ጊዜ ኪስ ቢጎዱ ነው። አሥረኛዋ፣ «የሌሊት ክሬም» ወይም «ማጥሪያ» የምትባለው፣ የይዘት ዝርዝር ያልተጻፈባት ትንሽ ዕቃ ግን ሌላ ነገር ናት።

በሰባት ቀን ታየ የሚባለው ለውጥ የሚመጣው ከእሷ ነው፤ ሌላው አጃቢ ነው። የቆዳችን የላይኛው ክፍል ራሱን ለመተካት አራት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ማዲያትና ብጉር ትቶት የሄደው ጥቁረት በትክክለኛ ምርት እንኳ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠይቃል። ስለዚህ በሳምንት ፊት የሚያቀላ ነገር ሲገጥማችሁ ከሦስቱ አንዱን ጠርጥሩ፦ ጠንካራ ስቴሮይድ (እንደ ክሎቤታሶል ያለ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት)፣ ሃይድሮኪኖን (የቆዳን ጥቁር ቀለም መመረት የሚገታ ኬሚካል) ወይም ሜርኩሪ (መርዛማ ብረት)።

ስቴሮይዱ ከሁሉ በላይ አታላይ ነው። መጀመሪያ ብጉሩ ይከስማል፣ ቅላቱ ይጠፋል፣ ፊት ይጠራል፣ ሰው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላል። ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ ክሬሙ የቀረ ቀን ፊት እሳት ይሆናል። ገዢው «ስተወው ባሰብኝ» ብሎ ተመልሶ ይገዛል። ሻጩ የሚኖረው በዚህች ዙር ነው። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ያጠፋዋል የተባለውን ጥቁረት ራሱ ያመጣዋል፤ በተለይ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ጥቁረት። ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ በፎጣና በትራስ በኩል ለቤቱ ሕፃናትም ይደርሳል። ማሸጊያው ላይ «ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር አይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ፣ አትክፈቱት።

«ኮሪያዎቹ ራሳቸው ዋይትኒንግ ብለው ይጽፉበት የለ?» ይላል ሻጩ። አዎ፣ ይጽፋሉ። በኮሪያኛ «ሚቤክ» ይባላል፤ በሕጋቸው ትርጉሙ ነጠብጣብና ጥቁረትን መቀነስ እንጂ የተፈጥሮ መልክን መቀየር አይደለም። በዚህ ስም ከሚታወቁት ንጥረ ነገሮች አንዱ ኒያሲናማይድ (የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት) ነው፣ መጠኑም ከ2 እስከ 5 በመቶ። ሃይድሮኪኖን በኮሪያ ኮስሞቲክስ ውስጥ የተከለከለ ነው። ስለዚህ «የኮሪያ ማቅሊያ ክሬም» የሚባል ነገር ሲቀርብላችሁ የሚሸጥላችሁ የትርጉም ስህተት ነው፣ ወይም ከዚያ የባሰ።

ፊትን በአሥር እርምጃ መንከባከብ የሚለውም ነገር ቢሆን በ2010ሮቹ አጋማሽ በአሜሪካ ገበያ የገነነ የሽያጭ ቋንቋ ነው። እዚያው ኮሪያ ውስጥ ቆየት ብሎ «ስኪፕኬር» የሚል አካሄድ መጥቷል፤ የማያስፈልገውን ዝለሉት ማለት ነው። የኮሪያ የቆዳ አያያዝ ቁም ነገሩ ቁጥሩ ላይ አይደለም፦ ቆዳን በጠንካራ ሳሙና አለመግፈፍ፣ እርጥበቱን መያዝ፣ በየቀኑ ከፀሐይ መከላከል። ፓኬጁን ዘርግታችሁ እዩት፤ «ስኪን»፣ «ቶነር»፣ «ኤሰንስ» የሚሉ ሦስት ጠርሙሶች ታገኛላችሁ። ኮሪያዎች ቶነርን ነው «ስኪን» የሚሉት! ሦስቱም ላይ የመጀመሪያዎቹ ንጥረ ነገሮች ውሃና ግሊሰሪን ከሆኑ አንድ ዓይነት ዕቃ ሦስቴ የገዛችሁ ያህል ነው።

ቀን አነባበብ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ኮሪያዎች ዓመቱን ያስቀድማሉ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ጽሑፍ «ጄጆ» ከሆነ የተመረተበት ነው፤ «ካጂ» ከሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ተጠቀሙ ማለት ነው። የስልካችሁ ካሜራ መተርጎሚያ ይህን በሰከንድ ይነግራችኋል። አንዳንድ ሻጭ የማብቂያውን ቀን እያሳየ «ገና የተመረተ ፍሬሽ ዕቃ ነው» ይላል። በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ፤ 2024 የሚለውን አይቶ በእኛ ዘመን ቆጥሮ «ገና ስንት ዓመት አለው» ያለ ሰው አይታጣም። ክዳኑ የተከፈተ የዕቃ ሥዕል ላይ 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ካለ ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ ነው።

በሲሪንጅ ወይም በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን፣ «ለሙከራ» የሚባለውን፣ ተዉት። በኮሪያ ሕግ ያለ ልዩ ፈቃድ የኮስሞቲክስን ይዘት ከዕቃው አውጥቶ ከፋፍሎ መሸጥም፣ ለናሙና የተሠራውን መሸጥም ክልክል ነው። በናሙናዎቹ ላይ «ቢሜፑም» ተብሎ ይጻፋል፣ የማይሸጥ ማለት ነው። ባርኮዱ በ880 መጀመሩም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ የሚናገረው ድርጅቱ ቁጥሩን ያስመዘገበው ኮሪያ መሆኑን እንጂ የት እንደተመረተ አይደለም፤ ለመገልበጥም ቀላል ነው። ይልቅ የኮሪያ ካርቶን ላይ የአምራቹና የኃላፊው ሻጭ ድርጅት ስም መኖሩን እዩ፤ አምራቹ ብዙ ጊዜ እንደ ኮስማክስ ወይም ኮልማር ኮሪያ ያለ ለብዙ ብራንድ የሚያመርት ፋብሪካ ነው። በካርቶኑና በጠርሙሱ ላይ ያለው የምርት ቁጥርም መመሳሰል አለበት። የቀንድ አውጣ ኤሰንስ ከሆነ ጣት ላይ አድርጋችሁ ስባችሁ እዩት፤ እንደ ተልባ ዝልግልግ ብሎ ክር ካልሠራ፣ እንደ ውሃ ከፈሰሰ፣ ተጠራጠሩት። ቫይታሚን ሲ ሴረም ቡናማ ሆኖ ከመጣ ተበላሽቷል፣ «ቀለሙ እንዲህ ነው» ቢሏችሁም።

ክፍያን በተመለከተ አጭር ነው፦ የእያንዳንዱን ዕቃ የጀርባ ጽሑፍና የቀኑን ፎቶ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ብሩን ዕቃውን ካያችሁ በኋላ ስጡ፣ ስትከፍቱት ቪዲዮ ቅረፁ። ፎቶውን ከኢንተርኔት አውርዶ የሚልክላችሁን እዚያው ተሰናበቱት።

በዚያው ገንዘብ ምን ይገዛል? ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኬት) ከ5 እስከ 6 አካባቢ የሆነ ፊት ማጠቢያ (ተራ ደረቅ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል፣ የመጨምደድ ስሜቱ ከዚያ ነው)። ማታ አንድ ደቂቃ በለብታ ውሃ እሹት፤ ቆዳችሁ ደረቅ ከሆነ ጠዋት ውሃ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ሞይስቸራይዘር፦ ለወዛም ቆዳ ቀጭን ጄል፣ ለደረቅ ሴራማይድ (የቆዳን እርጥበት የሚይዝ ቅባት) ያለበት ክሬም፣ ፊት ገና እርጥብ ሳለ። ሦስተኛ፣ የፀሐይ መከላከያ፣ ኤስፒኤፍ 50 (SPF፣ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር የመከላከል ልክ)፣ ፒኤ (PA፣ ከሚያጠቁረው ጨረር የመከላከል ልክ) አራት የመደመር ምልክት ያለው። ዋናው ገንዘብ እዚህ ላይ ይውጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የክረምት ደመናም ሙሉ በሙሉ አያግደውም። መጠኑ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የተጨመቁ ሁለት መስመሮች ነው፣ ለፊትና ለአንገት። በዚህ ልክ 50 ሚሊ ሊትር በቀን አንዴ ብቻ ቢቀባ እንኳ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው የሚቆየው። «ስድስት ወር ያገለግላል» ያላችሁ ሻጭ የሚመክራችሁ ምንም እንዳትከላከሉ ነው። ደጅ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

«ቶን አፕ» የሚለውን፣ ፊትን ወዲያው ነጣ አድርጎ የሚያሳየውን ክሬም ግን ከፓኬጁ አውጡት። ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ እኛ ላይ አመድ የነካው ፊት ያስመስላል። ማዲያት ያለበት ሰው ብረት ኦክሳይድ ያለበትን ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ቢመርጥ ይሻለዋል፣ የሚታየውን ብርሃንም ስለሚቀንስ።

አራተኛ ዕቃ የሚጨመረው ሦስቱን አንድ ወር ከተጠቀማችሁ በኋላ ነው፤ አንድ ብቻ፣ ለአንድ ችግር። ለጥቁረት ኒያሲናማይድ፣ ለተደፈነ የቆዳ ቀዳዳ ሳሊሲሊክ አሲድ በሳምንት ሁለት ማታ። መጀመሪያ የክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀን ሁለቴ ለአንድ ሳምንት ሞክሩት። ፓኬጁ እንደሚያዘው አሲዱን፣ የቫይታሚን ኤ ዓይነት የሆነውን ሬቲኖልና ቫይታሚን ሲውን በአንድ ሌሊት ከደራረባችሁ ፊት ይቃጠላል፤ የትኛው እንዳቃጠለም ማወቅ አይቻልም። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ሬቲኖል ጭራሽ አይነካ። ብጉሩ ግንባር ዳር ላይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሴረም ከመግዛታችሁ በፊት ፀጉር ላይ የሚደረገውን ቅቤና ቅባት ተጠራጠሩ።

ያቺን ትንሽ ክሬም መቀባት የጀመራችሁ ካላችሁ፦ ጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ አቁሙ። ሳምንታት ወይም ወራት ከቆያችሁ ስታቆሙ ፊት ተቆጥቶ ሊቀላና ብጉር ሊፈነዳ ይችላል፤ ክሬሙ ጥሩ ስለነበረ አይደለም፣ ስለዚህ ተመልሳችሁ አትቀቡት፣ ሌላም አትለውጡ፣ ወዲያው የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ እንደ አለርት ያለ የቆዳ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል አለ። ዕቃዋን አትጣሏት፤ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ከነካርቶኗ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ የመጀመሪያ ነገር እሷ ናት። ፎቶዋንና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን ደግሞ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለመጠቆም አስቀምጡት፤ ሻጩ እገዳችኋለሁ ሲል መልእክቱን ስለሚያጠፋው ቀድማችሁ ስክሪንሾት አንሱ።