ለጭነት የሚሠራ አሮጌ ፒካፕ ባሌስትራ፦ ማስቀጥቀጥ፣ ቅጠል መጨመር፣ ያገለገለ ወይስ አዲስ?

ባዶውን ቆሞ እንኳ ኋላው ዝቅ ያለ፣ አምስት ኩንታል ሲጫንበት ደግሞ አክስሉ ከሻንሲው እየተላተመ የሚሄድ ፒካፕ ባሌስትራው፣ ማለትም ከኋላ ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል፣ ተኝቷል ማለት ነው። ባለንብረቱ የአዲስ አበባው የመኪና መለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ሲደርስ አራት ዓይነት ምክር ይቀርብለታል፤ የትኛው እንደሚያዋጣው የሚለየው ግን መኪናው በሳምንት ስንት ቀን ስንት ኩንታል እንደሚጭን ነው።

በዋጋ ዝቅተኛው አሮጌውን ቅስቱ እንዲመለስ ማስቀጥቀጥ ነው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ በዘይት ከቀዘቀዘ በኋላ በተወሰነ ሙቀት ዳግም ስለሚታከም ነው። ሳይግል በመዶሻ የተመለሰ ቅስት ጭነት ሲበዛበት ተመልሶ ይተኛል፤ በእሳት የጋለው ደግሞ ያ ሕክምና ስለሚበላሽበት ወይ ይላላል ወይ ይሰበራል። ከእህል በረንዳ ጤፍ ለሚያመላልስ ሰው ይህን አልመክርም።

ቅጠል መጨመር የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የሚያዋጣው ዋናው ቅጠል፣ ማለትም ጫፎቹ ተጠቅልለው ፒን የሚገባባቸው፣ ጤነኛ ሲሆን ብቻ ነው። ዋናው ከተሰነጠቀ ከሥሩ የሚጨመረው ብረት አያድነውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በውፍረቱ ነው። የአንድ ቅጠል ግትርነት ስፋቱ በእጥፍ ሲያድግ በእጥፍ ያድጋል፤ ውፍረቱ በእጥፍ ሲያድግ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ የ8 ሚሊ ሜትር ቅጠል ከ6 ሚሊ ሜትሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይገትራል። «አንድ ወፍራም ጨምርበት» የተባለው ፒካፕ ጭነቱን አራግፎ ኮብልስቶን ላይ ሲመለስ ኋላው እየዘለለ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ለሚጭን ሰው ውፍረቱ ከነባሮቹ ጋር የሚመሳሰል አንድ ቅጠል በግራም በቀኝም ማስጨመር ይበቃዋል።

ያገለገለ ኦሪጅናል መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ብረቱ ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው። የሚያስፈራው ቀለሙ ነው። እኔ በአንድ ወቅት የገዛሁት ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቅ ነበር፤ ቤት ወስጄ በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው በመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን ስንጥቅ ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ፊት ሳላስፍቅ፣ የግራውንና የቀኙንም መሬት ላይ ጎን ለጎን አስተኝቼ ቅስታቸውን ሳላስተያይ አልከፍልም።

በየቀኑ ለሚጭን ሰው ግን አዲስ ሙሉ ባሌስትራ በጥንድ መግዛት ይሻላል። ጭነቱ ሁልጊዜ አንድ ቶን ገደማ ከሆነ ለከባድ ጭነት የተሠራው፣ ቀን ባዶ ቀን ሙሉ ከሆነ መደበኛው ይመረጥ። ከባዱ ባሌስትራ የመኪናውን የመጫን አቅም እንደማይጨምር ግን ልብ ይባል፤ ፍሬኑ፣ ጎማውና ኩሽኔታው እንደ ድሮው ናቸው። አሮጌውን ይዞ ሄዶ የቅጠሉን ስፋት (በሃይሉክስ ላይ 60 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው)፣ የፒኑን ቀዳዳ እንዲሁም ከመሃል ቡሎኑ እስከ ሁለቱም ጫፍ ያለውን ርቀት ማስለካት ያስፈልጋል፤ ቡሎኑ በብዙ ባሌስትራዎች ላይ ልክ መሃል ላይ አይደለም።

በየትኛውም ምርጫ በፒኑ ዙሪያ የሚገባው ላስቲክ፣ ማለትም ጎሚኒው፣ እና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የታጠፉ ቡሎኖች አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌዎቹ አንዴ ተስበዋል። የፒኖቹም ዳዶ መኪናው ጎማው ላይ ቆሞ ይጥበቅ፤ በክሪክ ተነሥቶ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። እንደ ሃይሉክስ ባሉ አንዳንድ ፒካፖች ላይ የኋላውን ፍሬን ኃይል እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ኋላው ከፍ ሲል ቫልቩ መኪናውን ባዶ ነው ብሎ ስለሚቆጥረው የኋላውን ፍሬን ያዳክማል፣ ስለዚህ አብሮ ይስተካከል። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላም የታጠፉት ቡሎኖች ዳዶ ዳግም ይጥበቅ፤ ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፣ መካኒኩም ደውሎ አይጠራችሁም።