ፋይበር ግላስ በዛገ ላሜራ ላይ፦ ክረምት ካለፈበት በኋላ

መኪናዬ አሮጌ ሃይሉክስ ናት። ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ከአፋር በኩል ጨው ስታመላልስ ኖራለች። ጨው ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ስለሚይዝ፣ በካሶኒው (ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ) መጋጠሚያዎች ውስጥ የቀረው ብናኝ ላሜራውን በበጋም አላስተኛው። የመንዝ ጭቃ ተጨመረበትና የካሶኒው ጎን ላይ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ፤ የሾፌሩ በር ታችኛው ጠርዝ ተቦዳደሰ፤ ከፔዳሎቹ ሥር ያለው ወለልም መንገዱን ማሳየት ጀመረ። ደብረ ብርሃን ላይ ግቢዬ ውስጥ የሞከርኩት የፋይበር ግላስ መጠገኛ ክረምቱን አልፏል፤ በሁሉም ቦታ ግን እኩል አላለፈም።

ዕቃው ቀላል ነው፤ አንድ ጣሳ ፖሊስተር ሬዚን (ማድረቂያ ሲገባበት የሚጠነክር ሙጫ)፣ በትንሽ ብልቃጥ ማድረቂያው፣ እና ከብርጭቆ ክር የተሠራ ምንጣፍ። በተለያየ ስም ይሸጣል እንጂ አሠራሩ አንድ ነው። ከስቱኮ፣ ማለትም ላሜራ ላይ ተለጥፎ ከሚለሰልሰው ሊጥ መሰል መድፈኛ፣ የሚለየው ክሩ ጥንካሬ ስለሚሰጠው ነው። ስቱኮ በውስጡ ታልክ የተባለ ዱቄት ስላለው ውሃ ይመጥጣል፤ ቀዳዳ ላይ ብቻውን ከተለጠፈ እርጥበቱን ይዞ ላሜራውን መልሶ ያዝገዋል። የቀድሞው ባለቤት በሩን በስቱኮ ደፍኖት ነበር፤ ላዩ ያብረቀርቃል፣ ውስጡን ለቄስ። የሠፈራችን ባትላሜ (የመኪና ላሜራ ሠራተኛ) በጣቱ አንኳኩቶ፣ «ጋሼ፣ ይህን በር የያዘው ስቱኮው ነው፤ ጠበቅ አድርገው ቢዘጉት እጅዎ ላይ ይቀራል» አለኝ።

አብዛኛው ድካም ያለው ሬዚኑ ከመከፈቱ በፊት ነው። የሽቦ ብሩሽ በተገጠመበት ግራይንደር ዝገቱ እስኪለቅ መፋቅ፣ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ቀዳዳው ቢሰፋም አለመፍራት፣ ከዚያ ዙሪያውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ በመጨረሻም በቲነር መወልወል። ፖሊስተር ለስላሳ ብረት ላይ በደንብ አይዝም። ክሩ ሲፋቅ የሚወጣው ብናኝ ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም ይጎዳል፤ ማስክ፣ ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ማድረቂያው ዓይን ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ የሬዚኑ ትነትም በእሳት ስለሚያያዝ ከሰል ከተቀጣጠለበት አጠገብ እንዳትሠሩ።

የእኛ አገር ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባው የብርዱን ነገር ነው። የጣሳው መመሪያ የተጻፈው 20 ዲግሪ አካባቢ ለሆነ ሙቀት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ውርጭ ሬዚኑ ሳይጠነክር እንደ ማር ተጣብቆ ያድራል። እንዲህ ሲሆን ማድረቂያ ማብዛት ያሰኛል፤ ነገር ግን መጠኑ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፣ ማለትም ለ100 ግራም ሬዚን ከ1 እስከ 2 ግራም። ከዚያ ካለፈ በራሱ ሙቀት ተቃጥሎ ይሰነጠቃል። የሚያዋጣው ሰዓቱን መምረጥ ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ ላሜራው ፀሐይ ጠጥቶ ሲሞቅ። ጣሳውንም ማድረቂያው ሳይገባበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆመዋለሁ።

ውጤቱ ይኸው። የካሶኒው ጎን ዛሬም እንደተሠራበት ቀን ነው፤ ቀለሙ እንኳ አላበጠም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጀርባውን በእጄ ደርሼ ፍቄዋለሁ፣ ፀረ ዝገት ቀለምም ቀብቼዋለሁ። በሩ ግን ክረምቱ ሳይጋመስ በጠጋኙ ዳር ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አወጣ፣ ከሥሩም ቡናማ ውሃ ይወርድ ጀመር። የበር ጠርዝ ላሜራው ተደርቦ የታጠፈበት ስለሆነ በእጥፉ ውስጥ ያለው ዝገት በብሩሽ አይደረስበትም። በዚያ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማ በር ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት ቆላ ስትወርዱ ብረቱና ፋይበሩ ለሙቀት የሚለጠጡት እኩል አይደለም፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር የሚደርስበት ምት ደግሞ አለ። በበሩ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ከተደፈኑ ምንም ዓይነት ጠጋኝ አይቆምም፤ እነሱን በሽቦ መክፈት ከሬዚኑ የበለጠ ይጠቅማል።

ወለሉን በፋይበር አልነካሁትም። የሰው ክብደት ያረፈበት ቦታ፣ ሻሲ፣ የወንበርና የቀበቶ ማሰሪያ በአዲስ ላሜራ ተቆርጦ መበየድ አለበት፤ እዚያ ላይ ለመቆጠብ መሞከር በሕይወት መጫወት ነው። ባትላሜው ባትሪውን ነቅሎ፣ የመኪናውን የወለል ምንጣፍ አውጥቶ፣ ላሜራው እንዳይጣመም በአጫጭር ነጥቦች በየደው።

በሩንም ከሚቀጥለው ክረምት በፊት ለእሱ እሰጠዋለሁ። ጎን ላይ ላለ፣ ጀርባው ለሚደረስ ቀዳዳ ግን ፋይበሩን ደግሜ እገዛለሁ፤ ትንሹን ጣሳ፣ ምክንያቱም ከትልቁ የተረፈው ሬዚን ከወራት በኋላ ወፍሮ ለምንም የማይሆን ሆኗል።