ባለ አራት ክንዱ የእጅ ስክሪን ማተሚያ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ማተሚያዬ ባለ አራት ክንድ፣ ባለ አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ቲሸርቱ ጠረጴዛው ላይ ይለብሳል፣ እያንዳንዱ ክንድ ደግሞ ቀለም የሚያልፍበት መረብ የተወጠረበትን ፍሬም ይይዛል። ከዚህ በፊት ፍሬሙን ጣውላ ላይ በማጠፊያ አስሬ ነበር የማትመው። በአንድ ቀለም ሥራ ምንም የምወቅስበት የለኝም፤ ቲሸርቱን ማልበስ፣ ክንዱን ማውረድ፣ ቀለሙን በስኩዊጂ (በላስቲክ መግፊያ) መግፋት፣ አለቀ።

ጣጣው ሁለተኛው ቀለም ሲመጣ ነው። በአምስተኛው ወር ግድም ጥቁር ቲሸርት ላይ ነጭ መደብ አትሜ ቀዩን ስደርብበት፣ በፊደሎቹ ግራ ጠርዝ ክር የምታህል ነጭ መስመር ብቅ ትል ጀመር። አስተካክላለሁ፤ አሥር ቲሸርት ሳልጨርስ ተመልሳ ትመጣለች። ማሽኑን ያልረገምኩበት ቀን የለም። በኋላ ክንዱን አውርጄ ጫፉን በጣቴ ግራና ቀኝ ብነቀንቀው ተነቃነቀ! ክንዱ ሲወርድ የሚገባበት ሹካ መሰል ብረት ብሎኖቹ ላልተው ኖሯል። ሳጠብቃቸው መስመሯ ቀነሰች፤ አልጠፋችም ግን።

የቀረው የማሽኑ ጥፋት አልነበረም። የእንጨት ፍሬሞቼ ሲታጠቡ ከርመው ጠመዋል፣ መረባቸውም ረግቧል። የረገበ መረብ ስኩዊጂው ሲገፋው አብሮ ስለሚሳብ ምስሉን ይዞት ይሄዳል። በደንብ የተወጠረ የአሉሚኒየም ፍሬም ከያዝኩ ወዲህ ያቺን መስመር አላየኋትም።

በመረቡና በጨርቁ መካከል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ መረቡ ስኩዊጂው ካለፈ በኋላ ወዲያው ከጨርቁ እንዲላቀቅ። ማስተካከያ ብሎን አለው፣ ቁጥር ግን አልተጻፈበትም። ስለዚህ ካርቶን ቆርጬ መለኪያ አደረግኩ፤ ለሹራብ ወፍራሙን፣ ለቲሸርት ስሱን።

ስፕሪንጎቹ ደካሞች ናቸው። አንድ ጊዜ ከፍ አድርጌ የተውኩት ክንድ ቀስ ብሎ ወርዶ፣ ቀለም እንደተቀባ፣ ገና ያልደረቀ ቲሸርት ላይ ዓርማውን ደግሞ አተመበት። ሁለቱን ቀይሬያለሁ።

ማድረቂያ አብሮት እንደማይመጣ ቀድማችሁ እወቁ። የምጠቀምበት ፕላስቲሶል የሚባለው ፕላስቲክ-ነክ ቀለም በአየር አይደርቅም፤ እስከ ውስጡ ድረስ ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሞቅ አለበት። መጀመሪያ በካውያ ሞክሬ ነበር፤ ላዩ የደረቀ መሰለኝ፣ ሲታጠብ ተሰነጣጠቀ።

የሚቆጨኝ ባለ አንድ ጠረጴዛውን መምረጤ ነው። ቀዩ ከመደረቡ በፊት ነጩ ሞቆ ጠንከር ማለት አለበት፣ ሌላ ቲሸርት የማለብስበት ቦታ ደግሞ የለም። ስለዚህ ስኩዊጂ ይዤ እቆማለሁ።