ተማሪዎች አብረው የሚጽፉበት መሣሪያ፦ ጉግል ዶክስ፣ ማይክሮሶፍት 365 ወይስ ኢተርፓድ?

ተማሪዎች በአንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲጽፉ ለማድረግ የትኛው መሣሪያ እንደሚሻል የሚጠይቁኝ መምህራን በርክተዋል። ምርጫዬን ሳልደብቅ ልጀምር፦ የኮምፒውተር ክፍል ኖሮት ኢንተርኔቱ የማያስተማምን ትምህርት ቤት፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን የጋራ መጻፊያ ሶፍትዌር ኢተርፓድን ቢተክል ይበጀዋል። እዚህ ላይ የደረስሁት ግን ገንዘብና የተማሪዎችን ድካም ካባከንሁ በኋላ ነው።

የማይክሮሶፍት 365 የግል ደንበኝነት በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ፣ ለዚያ የሚሆን ካርድ የሌለው ሰው አካውንት ወደሚቸረችሩ ሰዎች ይሄዳል። እኔም «የዕድሜ ልክ» የተባለ አካውንት በ2,500 ብር ገዛሁ። ሰባት ሳምንት ካገለገለ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት አልከፈት አለ፤ በውስጡ የነበሩት 32 የቡድን ድርሰቶችም በዚያው ቀሩ። አካውንቱ የተከፈተው በማላውቀው የውጭ ተቋም ስም ስለነበር የተቋሙ አስተዳዳሪ ሲዘጋው ሻጩም ሊያስመልሰው አልቻለም። የመግቢያ አድራሻው መጨረሻ ላይ የማታውቁት ተቋም ስም ካለ አትግዙ። በየሱቁ «ክራክ» ተደርጎ የሚጫነው ኦፊስም ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ አብሮ ለመጻፍ ሰነዱ ዋንድራይቭ በተባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ መቀመጥ አለበትና። በራሳችሁ ኢሜይል የሚከፈተው ነፃው አካውንት 5 ጊጋባይት ማስቀመጫ ይሰጣል፤ በድረ ገጽ የሚሠራው ዎርድም ለክፍል ድርሰት ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ ለሻጭ የሚከፈል አንድም ብር የለም።

ጉግል ዶክስም በነፃ ነው፤ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፣ እስከ 100 ሰው በአንድ ጊዜ ያጽፋል፣ የቀድሞውን ረቂቅም መልሶ ያሳያል። ኢንተርኔቱ ከተሟላ ከማይክሮሶፍቱ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ለ50 ተማሪዎች አካውንት ሲከፈት ነው። አንድ የስልክ ቁጥር የሚያረጋግጠው ጥቂት አካውንቶችን ብቻ ስለሆነ የባልደረቦቼን ስልክ እየለመንሁ ሁለት ክፍለ ጊዜ አጠፋሁ። ያለ አካውንት በሊንክ ብቻ ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ስም አልባ ሆነው ስለሚገቡ ማን ምን እንደጻፈ አይለይም፤ ውጤት ለሚሰጥ መምህር ደግሞ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ወጪውን በተመለከተ፣ በስልኬ ዋይፋይ ያስተማርሁበት ወር ፓኬጄን የጨረሰው ድርሰቱ ሳይሆን ኮምፒውተሮቹ በራሳቸው ያወረዱት የዊንዶውስ ማሻሻያ ነበር። ግንኙነቱ በልክ የሚከፈልበት (metered connection) መሆኑን አስቀድማችሁ በየኮምፒውተሩ ቅንብር ላይ መዝግቡ።

ኢተርፓድ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ጉግል ሲገዛው ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ሶፍትዌሩ በነፃ ስለሆነ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ትጭኑታላችሁ፤ ከዚያ የክፍሉ ኮምፒውተሮች በራውተር በኩል ያለ ኢንተርኔት ይገቡበታል። ላፕቶፑ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት የወጣ ስለነበር በኋላ የማነሣውን የተቃጠለ ራውተር ሳልቆጥር የእኔ ወጪ 1,800 ብር የከፈልሁበት ያገለገለ ራውተር ብቻ ነው፤ ይኸውም ለዚያ አካውንት ካወጣሁት ያነሰ ነው። አካውንት አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ቀለም ስላለው የዝምተኛዋ ተማሪ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንኳ በገጹ ላይ ተለይቶ ይታያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ቀለሙ ግን የሚከተለው ተማሪውን ሳይሆን ማሰሻውን (ብራውዘሩን) ስለሆነ ማን በየትኛው ኮምፒውተር እንደተቀመጠ መመዝገብ ግድ ነው።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ሲጫን አብሮት የሚመጣው የውሂብ ማከማቻ ለሙከራ ብቻ የታሰበ ስለሆነ ለዘለቄታው ማይኤስኪውኤል የተባለው የውሂብ ማከማቻ ሶፍትዌር ይተከልለት። አድራሻውን የሚያውቅ ሁሉ የሌላውን ጽሑፍ ሊሰርዝ ይችላል፤ ያለፈውን ሁሉ ወደኋላ የሚያሳየው ተንሸራታች መስመር የተሰረዘውን ቢመልስም፣ ላፕቶፑ ራሱ ከተበላሸ ግን ሁሉም ይጠፋል። ስለዚህ በየዓርቡ ድርሰቶቹን በፍላሽ አወጣለሁ።

በሦስቱም ላይ የሚገጥም አንድ ችግር አለ። ዩኒኮድ (በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ የሆነውን የፊደላት አሠራር) በማይከተሉት የቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ተቀድቶ ሲለጠፍ ፊደሉ ትርጉም ወደሌለው የላቲን ምልክት ይለወጣል፤ ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ይጻፉ።

ያገለገለ ራውተር የምትገዙ ከሆነ ከሥሩ የተጻፈውን ቮልቴጅ ከአዳፕተሩ ጋር አመሳክሩ። የመጀመሪያው ራውተሬ የተቃጠለው 9 ቮልት የሚፈልግ ሆኖ ሳለ ሻጩ የ12 ቮልት አዳፕተር ስለሰጠኝ ነበር። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠሩት።