ናሚቢያ ወይስ አውስትራሊያ? ከኪሴ ከፍዬ ሁለት በረሃ አየሁ

ከመጀመሪያው ልናገር፣ እኔ የበረሃ ሰው አይደለሁም። ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፣ አሁን የምኖረው ሜልበርን። ሁለቱም ከተማ ያለ ሹራብ ከቤት አያስወጣም። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ገንዘቤን ከፍዬ በረሃ ገባሁ። የመጀመሪያው መሀል አውስትራሊያ ካለችው ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ተነስቶ ኡሉሩ የሚባለው ግዙፍ ድንጋይ ደርሶ የሚመለስ የ3 ቀን የቡድን ጉዞ ነው። ሁለተኛው ናሚቢያ ነው፤ ጣሪያው ላይ ድንኳን የተገጠመለት ፒክአፕ ተከራይተን ከታናሽ ወንድሜ ጋር 12 ቀን ዞርን። እሱ ከአዲስ አበባ፣ እኔ ከሜልበርን መጥተን ዋና ከተማው ዊንድሁክ ተገናኘን። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ስለሚለኝ እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

አጭሩ መልስ፦ እንስሳ ለማየት ከሆነ ናሚቢያ ሂዱ፣ ክርክር የለውም። ረጅሙ መልስ ትንሽ ይጠማዘዛል።

አውስትራሊያን ላስቀድም። አሊስ ስፕሪንግስና ኡሉሩ ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ፣ በመንገድ ግን 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሚኒባሱ ንጋት ላይ ለቀመን፣ እኔም መስኮት ይዤ የአሸዋ ተራራ መጠበቅ ጀመርኩ። የማየው ግን ሳር ነው። ቀይ መሬት፣ ላዩ ላይ ሳርና ቁጥቋጦ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ረዘም ያለ ዛፍ። «በረሃው መቼ ነው የሚጀምረው?» ብዬ ስጠይቅ አስጎብኚው ሳቀብኝ። ከገባንበት ሦስት ሰዓት አልፎን ነበር።

ነገሩ ዝናቡ ነው። አሊስ ስፕሪንግስ በዓመት በአማካይ 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ መቼ እንደሚመጣ ግን አይታመንም፣ አንዱ ዓመት ጎርፍ ሌላው ዓመት ድርቅ። ናሚቢያ ውስጥ በናሚብ በረሃ ዳርቻ ያለችው ዋልቪስ ቤይ ከተማ ደግሞ 20 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላላትም። በዚህ ሂሳብ እንስሳ የሞላባት አውስትራሊያ መሆን ነበረባት።

አልሆነችም። በ3 ቀን ያየሁት ትልልቅ እንስሳ ይኸው ነው፦ ከሩቅ ሁለት ካንጋሩ፣ ካምፑ አጠገብ ያንዣበበ አንድ ዲንጎ የሚባል የዱር ውሻ፣ እና ግመል። አዎ፣ ግመል! በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ከሕንድና ከአፍጋኒስታን በኩል ከነነጂዎቻቸው አምጥተዋቸው ነበር። መኪና ሲመጣ ሥራ አጡና ተለቀቁ፣ ዛሬ ባለቤት የሌላቸው ግመሎች በረሃውን ሞልተውታል፣ መንግሥት እንደ ጠንቅ ነው የሚያያቸው። ባለቤት የሌለው ግመል! አፋር ውስጥ አጎት ቢኖረኝ ኖሮ እዚያው ቆሜ እደውልለት ነበር።

አስጎብኚው ምክንያቱን ሲያስረዳን ነው የገባኝ (ለዚህ ማብራሪያ ብቻ 5 ኮከብ ይገባዋል)። አፈሩ እጅግ ያረጀ ነው፣ ጉልበቱ አልቋል። የሚበቅልበት ስፒኒፌክስ የሚባል ሳር እንደ መርፌ ይወጋል፣ ትልቅ እንስሳ ደፍሮ አይግጠውም። ምስጥ ግን ይበላዋል። ምስጡን እንሽላሊት ይበላዋል። ስለዚህ ይሄ በረሃ በእንሽላሊት ዓይነት ብዛት የሚስተካከለው የለም። አንዱን መንገድ ዳር አቁሞ አሳየን፣ እጅ የማትሞላ፣ ገላዋ በሙሉ እሾህ፣ ቶርኒ ዴቭል ይሏታል። እርጥብ አሸዋ ላይ ከቆመች ውሃው በቆዳዋ ስንጥቆች እየተሳበ ራሱ አፏ ድረስ ይሄድላታል። አንገት አታጎነብስም፣ ምላስ አታወጣም። የጉዞዬ ምርጥ ደቂቃ እሷ ነበረች፣ ከኡሉሩ በላይ።

ኡሉሩም ቢሆን ፎቶ አይገልጸውም። 348 ሜትር ከፍታ፣ ዙሪያው 9.4 ኪሎ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ድንጋይ ሜዳ መሀል ጉብ ብሎ ታያላችሁ። በፈረንጆቹ ከ2019 ጥቅምት ወዲህ መውጣት ክልክል ነው፣ ለባለርስቶቹ ለአናንጉ ሕዝብ የተቀደሰ ቦታ ነውና፤ አንዳንድ ጥግ ላይ ፎቶ አታንሱ የሚል ምልክትም አለ፣ እባካችሁ አክብሩት። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ስሙን የማልጠራው አስጎብኚ ድርጅት ፕሮግራሙ ላይ «ሙሉውን ዙሪያ በእግር» ብሎ ጽፎ፣ እዚያ ስንደርስ ሰዓት አለቀ ብሎ ግማሹን እንኳ ሳያስጨርስ ወደ መኪና መለሰን። ለዚያ ነው እንዴ ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት? ዝንቡን ደግሞ አታንሱት። የፊት መረብ ሳትገዙ እንዳትሄዱ፣ ያስቃል ብዬ ትቼው እኔው ተሳቀብኝ።

ሌሊቱ ግን ካሳኝ። ስዋግ የሚባል ወፍራም የሸራ መኝታ አለ፣ ከነፍራሹ ይጠቀለላል፣ መሬት ላይ ትዘረጉትና ያለ ድንኳን ትገቡበታላችሁ። ፍኖተ ሐሊብ ከአናታችሁ በላይ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አልፈለግሁትምም።

ወደ ናሚቢያ። አገሩ 825 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሰዉ ግን 3 ሚሊዮን ቢሆን ነው። ይሄን ቁጥር አዲስ አበባ ላይ አስቡት። አንድ ሰዓት ሙሉ ነድተን አንድም መኪና ያላገኘንበት ጊዜ ነበር፣ ወንድሜ መጨረሻ ላይ ከፊት የሚመጣ ሰው ሲያይ እንደ ዘመድ እጁን ያውለበልብ ጀመር።

የመኪናው አገልግሎት፦ ፒክአፑ ጎበዝ ነው። ፍሪጅ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ወንበር፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ። ሁለት የሆነበት ምክንያት አለው። ከዋና ዋናዎቹ አስፋልቶች ከወጣችሁ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ የተስተካከለ ይመስልና ፍጥነት ያስጨምራችኋል፣ ከዚያ ኩርባ ላይ መኪናው እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ከ80 በላይ አትንዱ። የሚነዳው በግራ ነው፣ እኔ ለምጄዋለሁ፣ ወንድሜ ግን ፍሬቻ ባለ ቁጥር የዝናብ መጥረጊያውን ያስነሳው ነበር።

አሁን ቅሬታ። «ሙሉ ኢንሹራንስ» ብለው ያስፈረሙን ወረቀት ጎማን፣ የፊት መስታወትንና የመኪናውን ሆድ አይጨምርም። ታዲያ ኮረኮንች ላይ የሚጎዳው ሌላ ምን አለ? ጣሪያው? በ3ኛው ቀን ሶሊቴር የምትባል ትንሽ የመንገድ ማረፊያ ልንደርስ ስንል አንድ ጎማ ተቀደደብን። ክሪኩን አውጥተን ራሳችን ቀየርን፣ ሶሊቴር ላይ ጎሚስታ አገኘንና እሱ ሲያየው እኛ ዝነኛውን የፖም ኬክ በላን (ለኬኩ 5 ከ5)። ስንመለስ አከራዮቹ የአዲስ ጎማ ሙሉ ዋጋ ከማስያዣው ላይ ቆረጡ። ድርጅቱን አልጠራም፣ ግን ከየትም ብትከራዩ ከመፈረማችሁ በፊት ጎማና መስታወት ይካተታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሶሱስቭሌይ (የናሚብ የአሸዋ ተራራዎች ያሉበት ቦታ)፦ ከሴስሪየም መግቢያ 60 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ከዚያ የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ጥልቅ አሸዋ። መኪናችሁ በአራቱም ጎማ ካልነዳ ወይም ልባችሁ ከፈራ እዚያ የሚያደርስ ተሽከርካሪ አለ፣ ክፈሉና ግቡ። እኛ ጉረኞች ነን፣ ነዳነው፣ ቆምን። የጎማውን ንፋስ ቀነስን፣ በእጃችን አሸዋ ዛቅን፣ አንድ ደግ ሰው ጎትቶ አወጣን። አሸዋው እንደ ኡሉሩ ቀይ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ነው፣ ብረት ዝጎበት ነው፤ ናሚብ ላይ ዝገቱ ከነፋሱ ጋር ይራመዳል፣ ኡሉሩ ላይ ቆሟል። እዚያው አካባቢ ዴድቭሌይ የሚባለው ቦታ ላይ ነጭ የሸክላ ወለል መሀል ጥቁር የደረቁ ግራሮች አሉ። ከሞቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈዋል፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ አልበሰበሱም። ሰባት ሰዓት ላይ አትሂዱ፣ በጠዋት ሂዱ።

ዝናብ በሌለበት ሕይወቱ ከየት መጣ? ከጉም። ከደቡብ የሚመጣው ቤንጌላ የሚባል ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ ጉም ይፈጥርና ነፋስ ወደ በረሃው ይገፋዋል። አንድ ጥንዚዛ አለ፣ በጉም ጠዋት አሸዋ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቂጡን ወደ ላይ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ይቆማል፣ ጉሙ ጀርባው ላይ ጠብታ ይሆንና ወደ አፉ ይንከባለላል። እኛ ስንደርስ ጥንዚዛው ሄዷል፣ ዱካውን ነው ያየሁት። ግን ያቺ የአውስትራሊያ እንሽላሊት ትዝ አለችኝ። ሁለቱ በማይገናኙ አገሮች ሆነው፣ ውሃን ሳይፈልጉት ራሱ አፋቸው ድረስ እንዲመጣ አድርገዋል።

ኤቶሻ ብሔራዊ ፓርክ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው። ፓርኩ ከ22 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሀሉ ላይ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ነጭ የጨው ሜዳ ተዘርግቷል። በደረቁ ወራት ውሃ የሚገኘው ጥቂት ጉድጓዶች ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ እንስሳ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። ውሃው ዳር መኪናችሁን አቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ጠብቁ። ይመጣሉ። የሜዳ አህያ፣ ቀጭኔ፣ ሰጎን፣ አጋዘን፣ ነጭ አቧራ ለብሶ የተለሰነ ግድግዳ የመሰለ ዝሆን። ሳላም መጣ። ሳላ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ፣ ሙቀት ሲበረታ ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም በአፍንጫው በኩል የሚያቀዘቅዝ ጉደኛ እንስሳ ነው። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ሲያይ ቆየና «እኛ አገር አለ አይደል ይሄ?» አለኝ። አለ። የዚህ የቅርብ ዘመድ አዋሽ ፓርክ አለ። ድሬዳዋ ስንመላለስ ስንቴ አልፈነዋል፣ አንድ ቀን ቆመን አናውቅም።

ኦካውኩዌዮ ካምፕ ማታ መብራት የሚበራበት የውሃ ጉድጓድ አለው፣ በድንጋይ አጥር ወዲህ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ። ሦስት ሰዓት አካባቢ ጥቁር አውራሪስ ከነግልገሏ ብቅ አለች። ስልሳ የሚሆን ሰው ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። በዚያ ጸጥታ መሀል ወንድሜ እናታችን የላከችውን ቆሎ ይቆረጥማል። ኳ፣ ኳ። አንዲት ጀርመናዊት ዞራ አፈጠጠችበት። እሱ መልሶ አይቷት ኩባያውን ዘረጋላት። ወሰደች። ከዚያ እሷም መቆርጠም ጀመረች።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ «እዚህም እኮ በረሃ አለ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ኦማን አልሄድኩም፣ ስለዚህ ኮከብ አልሰጥም። ግን የዓረቡ ነጭ ሳላ በፈረንጆቹ በ1972 ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ፣ በሰው እጅ ከተዋለዱት በ1982 ወደ ኦማን በረሃ ተመልሷል። የተመለሰበት ጥብቅ ቦታ ደግሞ መንግሥት አብዛኛውን ስለቆረጠው በ2007 ከዩኔስኮ መዝገብ ተሰርዟል። ከሙስካት ወይም ከሪያድ ቅርብ የሆናችሁ ሄዳችሁ አይታችሁ ንገሩኝ።

ኮከብ ከተባለ፦ የናሚቢያው መኪና 3 ከ5፣ አንዱን የቆረጠው ያ የኢንሹራንስ ወረቀት ነው፣ ሌላውን ጎማው። ኤቶሻ 5። የአሊስ ስፕሪንግሱ ጉዞ 3፣ ያለ አስጎብኚው 2 ይሆን ነበር። ለሁለቱም አገር ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፣ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ጋቢ ያዙ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ናሚቢያ፣ ምክንያቱም ልጅ እንሽላሊት እስኪወጣ አይጠብቅም። ብቻችሁን ከሆናችሁና ጊዜ ካላችሁ ግን አውስትራሊያን ከቡድን ውጪ፣ በራሳችሁ መኪና እዩት። እኔም በሚቀጥለው እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ሙሉውን 9.4 ኪሎ ሜትር እስክጨርስ የሚያጣድፈኝ ሰው ሳይኖር።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከልኝ። አዋሽ፣ ሜዳ ላይ አራት ሳላ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የቆሎ ፌስታል።