በጣና ዳር የሚቀርበው የኮንጎ ምሽት

በባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ ዳርቻ ባለ አንድ ምግብ ቤት፣ በከተማዋ የሚማሩ ጥቂት ኮንጎአውያን ወጣቶች በየወሩ አንድ ቅዳሜ ምሽት የአገራቸውን ምግብ፣ ሙዚቃና የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ያቀርባሉ። ዓላማቸውን አልደበቁም፤ ስለ ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ከጦርነት ዜና በስተቀር ምንም ያልሰማ ሰው፣ አስቀድሞ ሕዝቡን በባህሉ እንዲያውቅ፣ ከዚያም ስለደረሰበት በደል ለሌሎች እንዲናገር ይፈልጋሉ። ምሽቱን የምመዝነውም በዚሁ ዓላማ ነው።

በቅድሚያ ሊታዘዝ የሚገባው ሊቦኬ ነው። ሊቦኬ ዓሣን በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሚያቃጥል በርበሬ ለውሰው፣ በቅጠል ጠቅልለው በፍም ላይ የሚያበስሉት የኮንጎ ወንዝ ዳር ምግብ ሲሆን፣ እዚህ ከጣና በወጣ አምባዛ ይሠራል። ቅርፊት የሌለው ዓሣ የማይበሉ ምእመናን አስቀድመው ከተናገሩ በቀረሶ ይዘጋጅላቸዋል፤ ይህን ጥያቄ ያለ አንዳች ማንገራገር መቀበላቸው ለእንግዳው እምነት ያላቸውን ክብር ያሳያል። ጥቅሉ በገበታ ላይ ሲፈታ የሚወጣው የቅጠልና የጢስ መዓዛ፣ በኮባ የተጋገረ ዳቦ እየበላ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ከሊቦኬው ጋር የሚቀርበው ፉፉ ካሳቫ ከተባለ የሥራ ሥር ተክል ዱቄት የሚሠራ፣ እንደ ገንፎ የጠጠረ ምግብ ሲሆን፣ በቀኝ እጅ እየተቆረሰና እየተድበለበለ በወጥ ይበላል። ፖንዱ ግን አላረካኝም። ትክክለኛው ፖንዱ የሚሠራው ከካሳቫ ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ በጥሬው መርዛማ ውህድ ስላለው በደንብ ተወቅጦ ረጅም ሰዓት ይቀቀላል። ቅጠሉን በከተማዋ ማግኘት ስላልቻሉ በጎመን ተክተውታል፤ ጣዕሙ መልካም ቢሆንም፣ ይህ ለውጥ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባ ነበር። በጾም ወቅት ለሚሄዱ ሰዎች ግን ያለ ዓሣ፣ በፓልም ዘይት ብቻ የሚቀርበው ይህ ወጥ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሙዚቃው የምሽቱ ምርጥ ክፍል ነው። የኮንጎ ሩምባ በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊኳ ኪንሻሳና በጎረቤቷ ኮንጎ ሪፐብሊክ ብራዛቪል፣ ማለትም በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ በሚተያዩ ሁለት ዋና ከተሞች ያደገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በሁለቱ አገሮች የጋራ ጥያቄ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ጊታር ተጫዋቾቹ ዜማውን በለሆሳስ ጀምረው፣ ዘፈኑ ከተጋመሰ በኋላ ሰቤን ወደሚባለው ፈጣን የጊታር ክፍል ሲሸጋገሩ፣ ተመጋቢው ሁሉ ወንበሩን ትቶ ይነሣል። ወጣቶቹ በየዘፈኑ መካከል በሊንጋላ ቋንቋ የተዘፈነውን ግጥም ፍሬ ሐሳብ በአማርኛ ማስረዳታቸው፣ አድማጩን ከጭፈራ ያለፈ ነገር አስይዞ ይሸኘዋል።

ዐውደ ርእዩ በይዘቱ ጠንካራ ነው። እንግሊዛዊቷ ሚስዮናዊ አሊስ ሲሊ ሃሪስ ኮንጎን እንደ ግል ንብረቱ ይገዛ በነበረው በቤልጅየም ንጉሥ በሊዮፖልድ ዘመን፣ የጎማ ሙጫ በሚሰበስቡ ሰዎች ላይ የተፈጸመውን ግፍ ያነሣችባቸው ፎቶግራፎች ቅጂዎች ተሰቅለዋል፤ እነዚህ ምስሎች በአውሮፓና በአሜሪካ ለሕዝብ ሲታዩ የፈጠሩት ቁጣ፣ ንጉሡ ኮንጎን እ.ኤ.አ. በ1908 ለቤልጅየም መንግሥት እንዲያስረክብ ካስገደዱት ግፊቶች አንዱ ነበር። ከእነርሱ ቀጥሎ በምሥራቅ ኮንጎ የምትገኘው የቡካቩ ከተማ ሐኪም ዴኒስ ሙክዌጌ አለ፤ በጦርነት የተደፈሩ ሴቶችን በማከሙና ስለ እነርሱ በመሟገቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተጋራ ሰው ነው። በኮትዲቯር በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ.፣ የኮንጎ ተጫዋቾች በመዝሙር ሰዓት በአንድ እጃቸው አፋቸውን ሸፍነው፣ በሌላው እጃቸው ጣቶች ሽጉጥ መስለው በጆሮ ግንዳቸው ላይ የደገኑበት ፎቶግራፍ ደግሞ በርካታ ወጣቶችን ከፊቱ አቁሞ ሲያነጋግር አይቻለሁ። በምሥራቅ ኮንጎ ስለሚፈሰው ደም ዓለም ዝም ማለቱን የተቃወሙበት ይህ ምስል፣ እግር ኳስ ለሚከታተል የባሕር ዳር ወጣት ከማንኛውም ንግግር በላይ ቅርብ ነው።

ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። የፎቶግራፎቹ መግለጫ በፈረንሳይኛ ብቻ ስለሆነ፣ አስረጂ ያላገኘ ጎብኚ ሥቃዩን አይቶ ምክንያቱን ሳይረዳ ይወጣል። ሁለተኛው የበለጠ ያሳዝነኛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1964 በቆየው የተባበሩት መንግሥታት የኮንጎ ተልዕኮ ሠራዊት ልካለች፤ ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬም የተልዕኮውን ጦር በአዛዥነት መርተዋል። ይህ ታሪክ በግድግዳው ላይ አንድ መስመር እንኳ አልተሰጠውም፤ በዚህ ከተማ ግን አባቱ ወይም አያቱ ኮንጎ ዘምተው የነበሩ ተመጋቢ በማንኛውም ምሽት ሊቀመጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከወጣቶቹ ጋር ቢነጋገር ዐውደ ርእዩ ያጣውን ሕያው ምስክር ያገኝ ነበር።

ዋጋው በሐይቁ ዳር ካሉ ሌሎች ምግብ ቤቶች ብዙም አይለይም። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ፎቶግራፎቹን በእርጋታ ማየት የሚፈልግ ሰው ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ቢደርስ ይሻለዋል፤ በዚያ ሰዓት ወጣቶቹ ሥራ ስለማይበዛባቸው የሚጠየቁትን ሁሉ በአማርኛ ያስረዳሉ።